በረሃ ባዶ አገር አይደለም

ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው አፋርን የሚያውቀው ባቲ ገበያ ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ወደ ባቲ ይወጣል። ደገኛውም እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ተገበያይተው ይለያያሉ። አፋሩ የመጣበትን አገር ሄዶ ያየው ግን ስንቱ ነው?

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሚሌ ያደርሳል። ከሚሌ ወደ ደቡብ፣ ወደ ገዋኔ ሲሄዱ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ብሔራዊ ፓርክ ማለት አራዊትና ዕፅዋት እንዳይጠፉ በመንግሥት የተከለለ ቦታ ነው። ያንጉዲ የተራራው ስም ነው፤ ራሳ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሜዳ። ቦታው በ1960ዎቹ መጨረሻ የታሰበው በተለይ የዱር አህያን ለማዳን ነበር።

የዱር አህያ ምን ያደርግልናል? እህል የምትጭንልን አህያ ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። ሰው ካላመዳት ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ የዱሩ ዘር ሊጠፋ ተቃርቧል። ሰው ያድነዋል። ውሃና ሳር ከከብት ጋር ይሻማል። ከለማዳዋ ጋር ሲዳቀልም ዘሩ ይደባለቃል። እሱን አያለሁ ብሎ ወደ ፓርኩ የሚሄድ ሰው ሳያይ ቢመለስ አይግረመው።

ይሁን እንጂ ያ አገር የአራዊት ብቻ አይደለም። ከፓርኩ በፊት አርብቶ አደሩ ነበረበት፤ አሁንም አለ። የአፋር ቤት ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን ይሠራል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ግጦሽ ሲያልቅ ቤቱ ተነቅሎ በግመል ይጫናል።

ሌላም ትልቅ ባህል አላቸው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ዘነበ? ሳር የት አለ? ማን ታመመ? ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው።

በነሐሴ ወር በጭነት መኪና ስሄድ፣ ከባቲ ወዲያ ከዋናው መንገድ ወጣ እንዳልን አንድ ሽማግሌ አስቆሙን። ሾፌሩ ወርዶ ብዙ አወሩ። እኔ በልቤ፣ «ምን ይህን ያህል ያስወራል!» አልኩ። ሾፌሩ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።

«ከፊታችን ያለው ደረቅ ወንዝ ጎርፍ መጥቶበታል፤ እንቆይ» አለ።

«ደመና እንኳ የለም እኮ!» አልኩት።

«ዝናቡማ የዘነበው እናንተ አገር፣ ደጋ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከወሎ ደጋ ነው። ኮምቦልቻን የሚያልፈው ቦርከናም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በረሃው ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከማሳችን የታጠበው አፈር እዚያው አፋር ይወርዳል። እርከን የሚሠራ ገበሬ የራሱን መሬት ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ጎረቤት ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደዚያ አገር የምትሄዱ ሰዎች ሰው ስታገኙ ቁሙ። ሰላምታ ስጡ። ያያችሁትን ንገሩ፤ የሚነገራችሁንም ስሙ። እኛን ከጎርፍ ያዳነን ያ ወሬ ነው።