አምቡላንሱ ከተሰጠ በኋላ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መኪና በዳባት በኩል አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ይህ መንገድ ለነጂ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ በዚያ በኩል ዕቃ የላከ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የጨው ወይም የሰሊጥ ጭነት በመንገድ ቢበላሽ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ኪሣራውም በደብተር ይጻፋል። ምጥ የጸናባት ሴት የተኛችበት መኪና ግን ማደር አይችልም።

እንግዲህ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ የአምቡላንስ አገልግሎት ገንዘቡን በምን ላይ ያውላል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው በመኪና ግዢ ላይ ነው ይላል። መኪናው በተገዛ ዕለት ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የለጋሹም ስም በመኪናው በር ላይ ይጻፋል። ለናፍጣ ሪባን የሚቆርጥ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከደባርቅ ሆስፒታል ዐቅም በላይ የሆነ በሽተኛ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ለአምቡላንስነት የተለመደው ባለናፍጣ ላንድክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 15 ሊትር ይጠጣል ቢባል፥ አንድ ጉዞ ከ24 እስከ 30 ሊትር ይፈልጋል። በወር ዐሥር በሽተኛ ብቻ ቢያመላልስ እስከ 300 ሊትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህም በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ በየቀበሌው ጥርጊያ መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ የሚደረገው ጉዞ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። መንግሥት ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሣ በመምጣቱ፥ ቀድሞ ለዓመት ይበቃል ተብሎ የተያዘ በጀት ዓመቱ ሳይጋመስ የሚያልቅበት ጊዜ መጥቷል።

ከናፍጣ ቀጥሎ የሚመጣው የዳገቱ ግብር ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት የፍሬን ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራም መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ሸራው ሳያልቅ መለወጥ አለበት። ጎማ በኮረት ይበላል፤ ባሌስትራ ይሰበራል፤ ፍሪሲዮን ይቃጠላል። ዕቃው ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ፥ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ለአስመጪዎች መንገር አያሻም። ከለውጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የአምቡላንሱ በጀት ግን በብር የተያዘ ነው። አንድ የፍሬን ሸራ አጥቶ በግቢ ቆሞ የሚውል አምቡላንስ ከዚህ የተነሣ ይገኛል፤ ቦሎውና ኢንሹራንሱ ግን ቆሞም ቢሆን ይከፈልበታል።

በጎ ፈቃደኞች ደመወዝ ስለማይጠይቁ ሥራው በነጻ የሚካሄድ ይመስላል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። የሚያጅበው ወጣት በነጻ ቢያገለግልም ጓንት፥ ፋሻና ኦክሲጅን በነጻ አይገኙም፤ ወጣቱም የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ነጂው ደግሞ ቀንም ሌሊትም የሚጠራ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። አንድ ሰው ሃያ አራት ሰዓት መንዳት ስለማይችል ሁለተኛ ነጂ ያስፈልጋል። በበጀት ላይ በቀላሉ የሚዘነጋው የዚህ የሁለተኛው ነጂ ደመወዝ ነው።

መንግሥት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ ለወላዶች በማለት አምቡላንሶችን ገዝቶ ለየወረዳው አከፋፍሏል። ማስኬጃው ግን በወረዳው፥ በሕዝቡ መዋጮና በየቦታው ባሉት የቀይ መስቀል ቅርንጫፎች ላይ የወደቀ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ገቢውን የሚያገኘው ከአባላት መዋጮ፥ ከስጦታ፥ ከመድኃኒት ቤቶቹና ከሥልጠና ክፍያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ምን ያህል ሰው አምቡላንስ እንደ ፈለገ የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። በዚያ ጦርነት በአማራና በትግራይ ብዙ አምቡላንሶች ተዘርፈዋል፥ ተቃጥለዋልም።

የሌላውን አገር ልምድ ለመመልከት፥ በፓኪስታን የነጋዴ ልጅ የነበሩት አብዱል ሳታር ኤዲ በካራቺ ከተማ በአንድ አሮጌ መኪና የጀመሩት አገልግሎት በአብዛኛው ከሕዝብ በሚሰበሰብ ስጦታ ከሺህ በላይ አምቡላንሶች ወዳሉት ድርጅት አድጓል። በአገራችንም በአዲስ አበባ አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንሶች በመግዛት በ2000 ዓ.ም. ጠብታ አምቡላንስን አቁመዋል። እርሳቸው ግን መኪና በስጦታ ብቻ እንደማይሄድ ዐውቀው የአገልግሎት ክፍያንና የሥልጠና ገቢን አንድ ላይ ይዘዋል።

ከሁለቱም የቀደመ ትምህርት ግን እዚያው በገጠር ይገኛል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ መኪና ከማይደርስበት መንደር በሽተኛ እስከ መንገድ የሚመጣው በቃሬዛ ነው። በአማራ አገር በብዙ ስፍራ የቃሬዛ ማኅበር አለ። ንብረቱ ሁለት ረጃጅም እንጨትና ጠፍር ነው። አባላቱ በተራ ይሸከማሉ፤ የደከመውን ሌላው ይቀይረዋል፤ ተራው ደርሶ የቀረ ይቀጣል። ጠፍሩ ሲበጠስ ማን እንደሚተካው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ለጋሽ የሌለው ይህ ማኅበር ከብዙ መኪና ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ማስኬጃውን በአባላቱ መካከል ስላደላደለ ነው።

ለአምቡላንስም ይኸው ሊደረግለት ይችላል። አንድ ጎማ አስመጪ በዓመት አራት ጎማ፥ አንድ የነዳጅ ማደያ በወር የተወሰነ ሊትር፥ አንድ ጋራዥ የእጅ ዋጋውን በጽሑፍ ውል ቢሰጥ፥ ቅርንጫፉ በጀቱን ከወዲሁ ማውጣት ይችላል። ባለሱቁም የአባልነት መዋጮውን በዓመቱ መጀመሪያ ቢከፍል በዓመቱ መጨረሻ ከመስጠቱ ይሻላል፤ የክረምቱ ጎማ ከክረምቱ በፊት ይገዛልና። ስጦታው በደረሰኝ መሆን አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ዐዋጅ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ፥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪ እንዲያዝ የፈቀደ ሲሆን፥ ደረሰኝ ለሌለው ስጦታ ግን ይህን ቅናሽ መጠየቅ ያስቸግራል።