የአንድ ጉዞ ፓሌት፦ በቆላው መጋዘኖች እህልን ከወለልና ከምስጥ የሚያርቅ ርካሽ ርብራብ

ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ ኬላ፣ በአዋሽና በአዳማ አልፎ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በመታጠፍ በሐዋሳ፣ በዲላና በቡሌ ሆራ በኩል ያቤሎ የሚደርስ አንድ ባለተሳቢ የጭነት መኪና 400 ኩንታል ስንዴ ይይዛል። ይህ ጭነት በባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሲቈጠር 800 ጆንያ ነው። መንገዱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እህሉ በወደብ ሲጫን፣ በመካከለኛ መጋዘን ሲራገፍና እንደገና ሲጫን፣ ያቤሎ ደርሶ ሲራገፍ፣ ከዚያም ወደ ማደያ ጣቢያ በሚሄድ አነስተኛ መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድ እያንዳንዱ ጆንያ ስድስት ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ ያልፋል። በዚህ ስሌት 40 ቶኑ እህል ከተረጂው እጅ እስኪገባ ድረስ ጫኝና አውራጁ 240 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማንሣትና መጣል ውስጥ የሚቀደድ ጆንያ፣ የሚፈስ እህልና የሚጎዳ ወገብ አለ።

ይህን ድካምና ብክነት ለመቀነስ በዓለም ዙሪያ የተለመደው ዘዴ ጭነቱን በፓሌት ላይ ደርድሮ በፎርክሊፍት ማንሣት ነው። ፓሌት ማለት የፎርክሊፍቱ ሁለት ሹካዎች ከሥሩ እንዲገቡ ሆኖ ከሳንቃና ከእንጨት ጉማጅ የሚሠራ ዝቅተኛ ርብራብ ነው። ሃያ ያህል ጆንያ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሰው የሚነካው ሲደረደርና ሲበተን ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በወደብ ያለው አሠራር እንዳለ ተገልብጦ ቆላ ላይ ሊተከል አይችልም። ጥያቄው፣ ለቦረና በሚሄድ ጭነት ላይ ምን ዓይነት ፓሌት፣ ለየትኛው ዕቃ፣ በምን ያህል ክብደት ቢሠራ ከሚያስከትለው ወጪ ጥቅሙ ይበልጣል የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው በቦረና የዓመቱ ዋነኛ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ገና ሲሆን፣ አነስተኛው ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚጠበቀው ሀገያ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ሀገያ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ሀገያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ በብዛት አልቋል፤ አርብቶ አደሩም ከመንደሩ ተፈናቅሎ በያቤሎ አካባቢ፣ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ሰፍሯል። በዚያን ጊዜ ወደ ዞኑ የሚጎርፈው የዕርዳታ ዕቃ ከቋሚ መጋዘኖች አቅም በላይ በመሆኑ የሚፈለገው ቦታ ብቻ ሳይሆን ወለልም ጭምር ነበር። በድንኳን መልክ በጥቂት ቀናት የሚተከለው ተንቀሳቃሽ መጋዘን ጣሪያና ግድግዳ አለው፤ ወለሉ ግን የቦረና ቀይ አፈር ነው።

በድርቅ አገር እርጥበት ከየት ይመጣል የሚል አይጠፋም። እርጥበቱ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። በመጀመሪያ፣ ከሥሩ የፕላስቲክ መከላከያ ያልተነጠፈበት የሲሚንቶ ወለል የመሬቱን እርጥበት እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል። ሁለተኛው፣ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ጣሪያ ሥር የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሲፈራረቁ የሚፈጠረው ጤዛ ነው። ሦስተኛው ራሱ ዝናቡ ነው። ድርቁ ሲያበቃ ዝናብ በልክ አይመጣም፤ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር በደቡብ ምሥራቁ ቆላ የደረሰው ጎርፍ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስንዴ ለረጅም ጊዜ በደኅና የሚቀመጠው የውስጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ብዙ ሳይርቅ ሲቀር ነው። ወለል ላይ የተነጠፈው የመጀመሪያው ረድፍ ሻጋታ ሲይዘው የመጋዘን ኃላፊው ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ክምሩ ሲነሣ ነው። በዚህ ላይ ምስጥ አለ። በያቤሎ ዙሪያ የተጓዘ ሁሉ ከሰው ቁመት በላይ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙትን የምስጥ ኩይሳዎች ያስታውሳል። ምስጥ ከአፈር ወደ ጆንያ ለመሻገር የሚያስፈልገው መነካካት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ርብራብ ፎርክሊፍት ባለበትም በሌለበትም ያስፈልጋል። በተጨማሪም ነቀዝን ለማጥፋት ክምሩ በሸራ ተሸፍኖ ጋዝ ሲታጠን፣ ጋዙ ከሥር በኩል ተዘዋውሮ ለመግባት የሚችለው ከታች ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ፤ ይኸውም ክብደት ነው። በአውሮፓ የተለመደው 1,200 በ800 ሚሊ ሜትር የሆነ ተመላላሽ ፓሌት ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ 1,500 ኪሎም ይሸከማል። ለጆንያ የሚመቸው 1,200 በ1,000 ሚሊ ሜትር የሆነው መጠን ነው። በዚህ ላይ በአንድ ረድፍ 3 ጆንያ፣ በ7 ረድፍ 21 ጆንያ፣ ማለትም 1,050 ኪሎ ይደረደራል። ለ800 ጆንያ 38 ያህል ፓሌት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 25 ኪሎ ቢመዝን እንኳ 950 ኪሎ፣ ማለትም የ19 ጆንያ ክብደት እንጨት ይሆናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚለው የተለመደ ምጣኔ ሲሰላ መኪናው የ63 ሰዎችን የወር ቀለብ አውርዶ በምትኩ እንጨት ጭኖ መጣ ማለት ነው። ይህ ስሌት በወደብ ላሉ የትራንስፖርት ባለሙያዎች ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በማደያ ጣቢያ ስም ዝርዝር ይዞ ለተቀመጠው ሠራተኛ ግን 63 ስም ነው።

ከባዱን ፓሌት ሌሎች አገሮች የሚችሉት ተመልሶ ስለሚመጣላቸው ነው። ፓሌትና ፎርክሊፍት በስፋት የተዛመቱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር የስንቅ ሥራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አውስትራሊያ የተረፈላትን ፓሌት በጋራ መጠቀሚያ ድርጅት ሥር አደረገችው፤ የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. በ1961 ፓሌትን በፓሌት የመለዋወጥ ስምምነት አደረጉ። ባዶ ፓሌት የሰጠ ሙሉ ይዞ ይሄዳል፤ እንጨቱም ለዓመታት ይዞራል። ከያቤሎ ወደ ጂቡቲ ግን ባዶ ፓሌት ሰብስቦ፣ ቈጥሮና ጠግኖ የሚመልስ ማንም የለም። እዚያው ቀርቶ በር፣ አጥር፣ አልጋ ወይም ማገዶ ይሆናል። እንግዲህ እንደማይመለስ እየታወቀ እንዲመለስ ሆኖ ለተሠራ ዕቃ መክፈል ተገቢ አይደለም።

የማይመለስ ፓሌት ለአገራችን የዕርዳታ ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች አውሮፕላን ሊያርፍባቸው በማይችል የሰሜን ደጋማ ስፍራዎች ላይ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ በእንጨት ፓሌት ላይ የተደረደረ፣ በድርብ ጆንያ የታሸገ እህል በኋላ በር ይገፉ ነበር። ያ ፓሌት ሥራው የጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስብርባሪ ነው። ለቆላው መጋዘን የሚያስፈልገው በዚያና በአውሮፓው መካከል ያለ ነው፦ አንድ ጉዞ የሚችል፣ ከዚያም በደረሰበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወለል ሆኖ የሚያገለግል።

እንዲህ ያለውን ፓሌት ማንኛውም የአናጢ ቤት ሊሠራው ይችላል። ከታች ርዝመታቸው 1,200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት ሳንቃዎች ትይዩ ሆነው ይነጠፋሉ። በእነርሱ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ዘጠኝ ጉማጆች ይቆማሉ፤ ጉማጁ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከፍታው 90 ነው። በጉማጆቹ ላይ ርዝመታቸው 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት ሳንቃዎች አግድም ይጋደማሉ፤ ከላይ ደግሞ የመደርደሪያው ሳንቃዎች በቁመት ይመታሉ። ሳንቃው ሁሉ ስፋቱ 100፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠቅላላ ከፍታው 144 ሚሊ ሜትር፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው ሳንቃ ያለው ክፍተት ደግሞ 108 ይሆናል። በእጅ የሚገፋው የፓሌት ጋሪ ሹካው ዝቅ ሲል 85 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። ጉማጁን ለቁጠባ ሲባል ማሳጠር የብዙ ሠሪዎች ስሕተት ነው፤ ጋሪው የማይገባበት ፓሌት ተራ ርብራብ ሆኖ ይቀራል።

የላይኛው ሳንቃ ብዛት በሚጫነው ዕቃ ይወሰናል። የዘይት ካርቶን፣ የመድኃኒት ሣጥንና የተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ ግትር ስለሆኑ 5 ሳንቃ ይበቃቸዋል። ጆንያ ግን በክፍተቱ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሹካው ሲገባም ይቀደዳል። ለጆንያ 7 ሳንቃ ተመትቶ ክፍተቱ ወደ 50 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። በደረቀ የፈረንጅ ጥድ ቢሠራ የመጀመሪያው 14፣ ሁለተኛው 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ16 ኪሎው ሲሰላ 38 ፓሌት 608 ኪሎ ነው፤ ከከባዱ ጋር ሲነጻጸር የ23 ሰዎች የወር ቀለብ ወደ መኪናው ይመለሳል። የታችኞቹን ሦስት ሳንቃዎች አስቀርቶ ክብደቱን ይበልጥ መቀነስ ይቻላል የሚሉ አሉ። በሲሚንቶ ላይ እውነት ነው። በቦረና አፈር ላይ ግን ባዶ ጉማጅ እንደ ችካል ይሰምጣል፤ ፓሌት በፓሌት ላይ ሲደረብም ጉማጁ የታችኛውን ጆንያ ይበሳል።

ስለ እንጨቱ አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ አቀበቶች ላይ የሚታየው የሐበሻ ጥድ ደን ተጠባቂ ደን ነው። በቆላው ውስጥ ጉም የሚይዝና ምንጭ የሚያመነጭ ስፍራ ጥቂት ነው፤ ድርቅን ለመቋቋም በሚመጣ ዕቃ ሥር የሚነጠፍ እንጨት ከዚያ ሊቈረጥ አይገባም። ፓሌቱ ጭነቱ በሚነሣበት በደጋው በኩል ከተተከለ እንጨት መሠራት አለበት። የፈረንጅ ጥድ ቀላልና ለሚስማር የሚመች ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም በዚሁ መጠን ሲሠራ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ እርጥብ ሆኖ ከተመታም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። ስለሆነም ባሕር ዛፍ ለጉማጁ፣ ጥድ ለሳንቃው ቢሆን ይመረጣል። ከሲዳማ ደጋ የሚገኘው ቀርከሃ ተሰንጥቆ ለላይኛው መደርደሪያ ሊሞከር ይችላል፤ ካልታከመ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ብል ያደቀዋል። በቦረና የግጦሽ መሬቱን እየወረረ ያለው የግራር ቁጥቋጦ ሳንቃ አይወጣውም፤ ይሁንና ወፍራም ወፍራሙ ግንድ ተቈርጦ ለጉማጅ ሊሆን ይችላል። ይህ ለግጦሹም እፎይታ ነው።

ከጆንያ ጠላቶች አንደኛው ሚስማር ነው። በየመገናኛው ሁለት ሚስማር ሰያፍ በሰያፍ ይመታ፤ ራሱ ከሳንቃው ገጽ ትንሽ ጠልቆ ይግባ፤ ወደ ታች ያለፈ ጫፍ ካለ ይታጠፍ። ገላው ጠመዝማዛ የሆነ ሚስማር ከለስላሳው ይልቅ ይይዛል። ለስላሳው ብቻ ከተገኘ ረዘም ያለውን መምረጥ ይሻላል። በሳንቃው ጫፍ ላይ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭኑ መብሳት ያስፈልጋል። ከካርቶን የሚሠራ ፓሌትም አለ፤ ቀላል ነው፣ አንድ ዝናብ ግን ይበቃዋል። ከፓሌት ይልቅ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ መጠቀም የሚቻለው ንጣፉን ነክሶ የሚስብ ልዩ መሣሪያ ያለው ፎርክሊፍት ሲኖር ስለሆነ ለቆላው የሚታሰብ አይደለም።

በመኪና ላይ የሚሄደው ዕቃ ሁሉ በፓሌት ይሁን ማለት ግን አይደለም። ስንዴ በጆንያ ሆኖ ሳንቃ በሌለበት መኪና ላይ ተጠጋግቶ ቢጫን ቦታም ክብደትም ይቆጥባል። እጅግ የሚጠቅመው፣ በየጭነቱ ውስጥ ካርቶንና ሣጥን የሆነውን ክፍል በፓሌት አድርጎ መላክና በደረሰበት መጋዘን ያንኑ ፓሌት ለስንዴው ወለል ማድረግ ነው። ጭነቱ ወለሉን ይዞ ይመጣል። ፎርክሊፍትም ቢሆን የሚሠራው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ነው፤ ገና በዘነበ ማግሥት በቀይ አፈር ላይ ጎማው ይቀበራል። በያቤሎ ሰፊ የሲሚንቶ ወለል ባለበት መጋዘን ሁለት በእጅ የሚገፉ ጋሪዎች ለብዙው ሥራ ይበቃሉ። ከዚህም ሌላ፣ ከብቱ ያለቀበት ወጣት በጫኝና አውራጅነት የሚያገኘው የቀን ክፍያ ለቤተሰቡ የሚገባ ብቸኛ ገንዘብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጋሪው ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ ሥራውን አይነጥቀውም።

መጋዘኑ ሲዘጋ ወይም ፓሌቱ ሲያረጅ እንጨቱ የት ይሂድ የሚለው ቀድሞ መወሰን አለበት። ሳይመዘገብ የቀረ ሳንቃ በመጋዘን በር ላይ ጠብ ያስነሣል። አራት ፓሌት ጎን ለጎን ሲነጠፍ 4.8 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ሕፃናትና አራሶች ከጭቃ ከፍ ብለው የሚተኙበት ወለል ነው። ስለሆነም በዕቃ ገቢ ደረሰኙ ላይ ፓሌቱም እንደ ዕቃው ተቈጥሮ ቢገባ፣ ሲወጣም ለየትኛው መጠለያ እንደተሰጠ በሰፈሩ ኮሚቴ ፊት ቢፈረምበት ይመረጣል።

ከውጭ አገር ተጭኖ የመጣ ፓሌት ግን ከመታደሉ በፊት ጎኑ መታየት አለበት። በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ደንብ መሠረት በጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ የሚመስል ማኅተም ይመታበታል። ከማኅተሙ አጠገብ ኤች ቲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ እንጨቱ መሐሉ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ በሙቀት የታከመ ነው። ኤም ቢ የሚል ከሆነ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና ለማገዶም ሆነ ለመኝታ ወለል አይሰጥም፤ ተለይቶ ተቀምጦ ለመጋዘኑ አጥር ይዋል።