ከጀጎል የወጣው የሕገ መንግሥት አርቃቂ

በጀጎል በሮች ወደ ሐረር የሚገባው ቡናና ጫት ብቻ አልነበረም። ራስ መኰንን በሚያስተዳድሯት በዚህች ከተማ የዐረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴ ከአገሬው ሰው ጋር ሲገበያይ የሩቁን ዓለም ወሬም ያመጣ ነበር። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ።

ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከጌታቸው ጋር ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉም በኋላ ሌዎንትየፍ የተባለ መስኮባዊ ወደ አገሩ ወሰዳቸው፤ በዚያም የመድፍ ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ። ቀጥሎም በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ስለ እርሻ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ። የሚናገሩት አራዊት ቢሆኑም የሚነቀፈው የመንግሥት ሥራ ብልሽት ነበረ። መኳንንቱም ምሥጢሩ ስለ ገባቸው ቴአትሩ ታገደ። የጨርጨር ገዥ ሲሆኑ ደግሞ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን በፕላን ቆረቆሩ።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። ሲያረቅቁት የጃፓንን በአብነት ተመለከቱ፤ በበዓሉም ቀን ትርጓሜውን ለመኳንንቱ ያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሥልጣኑ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም። ሕዝቡም ለመምረጥ ችሎታ እስኪያገኝ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጡለት ዘንድ ተወሰነ።

በ1927 ዓ.ም. በዤኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። ጠላት አገሩን ከያዘ በኋላ ተሰደው ብዙ ዘመን በማዳጋስካር ኖሩ። ሲመለሱም ሹመት ሳይሹ ሂርና ላይ እርሻቸውን ያዙ። ከ90 ዓመት በላይ ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ማለት ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ተክለ ሐዋርያት አነሰ ተብለው ይወቀሱን? ሕገ መንግሥት በጽሑፍ ባልነበረበት ቤት መጀመሪያ ወረቀቱን ማስገባት ራሱ ድፍረት ነው። ነገር ግን በየቢሮው ብዕር ለያዝን ሁሉ አንድ ትምህርት ትተውልናል፦ «እስኪ» ብለን የምንጽፈው ቀጠሮ ቀኑ ካልተቆረጠለት፣ የሚጠብቀው ሰው ዕድሜ ያልቃል።