ኮብልስቶን ላይ ብቻ የምታንኳኳ መኪና

አስፋልት ላይ ምንም ድምፅ የላትም። ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ስትደርስ ግን ከፊት ጎማ በኩል «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» ትጀምራለች። ጋራዥ ስትገባ ደግሞ ጭጭ። መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ሾኩን ይጠረጥራል፣ ሾኩ ይቀየራል፤ ማታ ሰፈር ሲደረስ ያው ኳኳታ ይቀበላል። እኔ ለኮሮላዬ በዚህ መንገድ ሁለቱንም የፊት ሾኮች ካስቀየርኩ በኋላ ነው ድምፁ ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር ማጥናት የጀመርኩት። ገንዘቤ ከወጣ በኋላ የገባኝን፣ ሌላው ሰው ገንዘቡን ሳያወጣ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የመኪና ሳስፔንሽን ከላይ እስከ ታች መጋጠሚያ ነው። አንዳንዱ መጋጠሚያ በማቀፊያ ውስጥ የሚዞር የብረት ኳስ ነው፤ አንዳንዱ በሁለት ብረቶች መካከል የገባ ጎሚኒ ነው። አዲስ ሲሆኑ ሁሉም ጥብቅ ብለው ይሠራሉ። ሲያልቁ መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ለድምፅ ይበቃል። ሸክሙ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚገፋ ከሆነ ብረቱ ከብረቱ ላይ እንደተደገፈ ስለሚቆይ ዝምታ ነው። ሸክሙ በድንገት ሲገላበጥ ግን ብረቱ ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶውን ይመታል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው «ሸክሙ መቼ ነው የሚገላበጠው?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

«ከየት ነው የሚመጣው?» የሚለው ጥያቄ ለጆሮ ከባድ ነው። ጆሯችን አቅጣጫ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ድምፁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጆሮ በሚደርስበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እሱም ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። አየር ላይ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ብረት ውስጥ 5,000 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከጎማው ሥር የተነሣው ምት በብረቱ አልፎ ወለሉን፣ በሩን፣ ዳሽቦርዱን በአንድ ጊዜ ያናውጣል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ወፍራም ድምፅ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ስለሆነ ከቤት መኪና ውስጠኛ ክፍል ይረዝማል። ከበሮ ሲመታ እጅ የሚያርፈው ቆዳው ላይ ቢሆንም የሚያስተጋባው መላው አካሉ ነው፤ መኪናም እንዲሁ። ሹፌሩ «ከግራ ነው» ብሎ ሲምል ጥፋቱ ቀኝ የሚገኘው ለዚህ ነው።

በከተማችን የምናያቸው አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች የፊት ሳስፔንሽናቸው ኧርል ማክፈርሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የነደፈው ዓይነት ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየችው ፎርድ ኮንሱል ይዛው ከወጣች ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። ሾክና ሞላ አንድ ላይ ቆመው፣ ከላይ ከመኪናው አካል ጋር፣ ከታች ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይያያዛሉ። ታችኛው ክንድ ደግሞ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ይይዛል።

ወደ ኮብልስቶኑ ልመለስ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ፣ ተኝቶ እንደተጻፈ «ሀ» የታጠፈ ዘንግ አለ፤ ስታቢላይዘር ይባላል። ሥራው መኪናዋ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ብዙ እንዳታዘነብል መያዝ ነው። ጫፎቹ ከሾኩ ወይም ከታችኛው ክንድ ጋር የሚገናኙት ሊንክ በሚባሉ አጫጭር ዘንጎች ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ የሊንኩ ጫፎች ትናንሽ ኳሶች ናቸው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዘንጉ አብሯቸው ይነሳል እንጂ አይጠመዘዝም። አንዱ ብቻውን ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል። ኮብልስቶን ላይ ግራው ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ቀኙ ይወርዳል፣ ወዲያው ደግሞ ይገለበጣል፤ ሊንኩም አንዴ ሲሳብ አንዴ ሲገፋ ይሄዳል። ያለቀ ኳስ ካለው በየግልበጣው ይመታል። ስፒድ ብሬከር ላይ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የሚሞከረውም በዚሁ ነው፦ ስፒድ ብሬከሩን በቀስታ ቀጥ ብሎ ማለፍ፣ ከዚያ ቦታው ከፈቀደ አንዱን ጎማ ብቻ አስወጥቶ ማለፍ፣ ልዩነቱን ማዳመጥ።

ጋራዥ ውስጥ ለምን እንደሚጠፋም ከዚሁ ይገባል። አንዱን ጎማ በክሪክ ስናነሳ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዛል፣ ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። መካኒኩ ቢነቀንቀው ድንጋይ ነው። «ይሄ ደህና ነው» ይላል፤ በዚያ ሰዓት እውነቱን ነው።

ሌሎቹ ጥፋቶች የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ፍሬን ሲያዝ አንዴ «ዷ»፣ ወደ ኋላ ተነድቶ ሲቆም ሌላ «ዷ» ከተሰማ፣ በመጀመሪያ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ይጠረጠራል፤ ፍሬን ጎማውን ወደ ኋላ ሲገፋው ክንዱ በተበላው ጎሚኒ ውስጥ ይንሸራተታል። ሸካራ መንገድ ላይ ፍሬኑን በስሱ ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ከጠፋ፣ የላላ የፍሬን ሸራ ሊሆን ይችላል። መኪናዋ ቆማ መሪው ሲዞር ሞላው ተጠምዝዞ «ጓ» ብሎ ከተለቀቀ፣ የሾኩ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታ ይታያል።

የታችኛው ክንድ ቦል ጆይንት፣ ማለትም በማቀፊያ ውስጥ የሚዞረው የብረት ኳስ፣ ግን የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኳሱ ከማቀፊያው ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናዋም መሪ አልባ ትሆናለች። የሚመረመረው መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያም ካስደገፉ በኋላ፣ የተንጠለጠለውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ በማነቃነቅ ነው። የሚነቃነቅ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ያኔ ከቆመ ጥፋቱ ከጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልቆመ ዓይን ወደ ቦል ጆይንቱ። እዚያ ላይ ክፍተት ከተገኘ «እስከ ደመወዝ ትቆይ» የሚባል ነገር የለም።

የእኔን ያገኘልኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። መኪናዋን አላነሳትም። ሞተሩን አስጠፍቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አስዞረና «ና ልጄ፣ እጅህን እዚህ አድርግ» ብሎ ጣቶቼን ከጎማው ጀርባ ሊንኩ ላይ አስቀመጠ። እሱ ጣሪያውን ይዞ መኪናዋን ግራና ቀኝ ያወዛውዛት ጀመር። የጣት ጫፍ ቆዳ፣ በሰከንድ 250 ጊዜ ገደማ ለሚርገበገብ ነገር፣ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ እንቅስቃሴ ይሰማዋል። ለእኔ እንዲያ ያለ ጥራት አላስፈለገኝም። በየውዝዋዜው አንድ ነገር ጣቴን ጠቅ ያደርገኝ ነበር፣ ልክ ከጨርቅ ሥር የሚዘል ፌንጣ።

«አገኘኸው ጋሼ?» አልኩት። «አንተ ነህ ያገኘኸው» አለኝ።

ሁለቱን ዳዶዎች ፈትቶ አሮጌውን ሊንክ ሰጠኝ። ኳሱን በሁለት ጣቴ ይዤ ነቀነቅሁት። ወራት ሙሉ ያሳበደኝ ድምፅ እጄ ላይ «ቀጭ» የምትል፣ አጠገቤ ለቆመ ሰው እንኳ የማትሰማ ነገር ነበረች።