ሳይጠሩ የሚሰጥ ደም

ደም መለገስ ብዙዎቻችንን ትዝ የሚለን ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። ስልክ ይደወላል፣ «ኦ ኔጌቲቭ በአስቸኳይ ይፈለጋል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይዞራል፣ ወንድም ጓደኞቹን አሰባስቦ ይሮጣል። ሩጫው የፍቅር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ከክንድ የተቀዳ ደም እዚያው በዚያው ለታማሚ አይሰጥም። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝም እንደሌለበት መመርመር፣ ዓይነቱም መለየት አለበት። ከወሊድ በኋላ ደም በኃይል የሚፈሳት እናት ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እሷን የሚያድናት ምጧ ሳይጀምር ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም ነው፤ የሰጣትም ምናልባት ስሟን ፈጽሞ የማይሰማ ሰው።

በወባ ምክንያት ደሙ ያለቀበት ሕፃን፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ፣ የካንሰር ሕክምና የጀመረ ልጅ፣ ሁሉም የሚጠብቁት ይህንኑ አስቀድሞ የተዘጋጀ ደም ነው።

ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ክብደትዎ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ መለገስ ይችላሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በቅርቡ ወባ የያዘው ወይም የተነቀሰ ሰው ለጊዜው ይቆያሉ። ደም ባንክ ሲደርሱ ቅጽ ይሞላሉ፣ ክብደትና የደም ግፊት ይለካሉ፣ ከጣትዎ ጠብታ ተወስዶ የደም ማነስ እንዳለብዎትና እንደሌለብዎት ይታያል። ደሙ ለመቀዳት አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ሲሆን በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ግን ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። በእኛ አገር በሁለት ልገሳ መካከል ሦስት ወር የሚጠበቀው ለዚህ ነው። በባዶ ሆድ አይሂዱ። የሚጾሙ ከሆነ ካፈጠሩ በኋላ ወይም በማይጾሙበት ቀን ይሂዱ፤ ውኃም በደንብ ይጠጡ።

ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ስለ ግል ሕይወት ስለሚጠይቁ አንዳንዱን ያሳፍራሉ። ሆኖም እውነቱን መመለስ ራሱ የልገሳው አካል ነው። ገና በቅርቡ በቫይረስ የተያዘን ሰው ምርመራ ላያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ የሰጠው ደም ተቀባዩን ሊበክል ይችላል። የኤች አይ ቪ ውጤቱን ማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ ደም በመስጠት ራሱን አይመርምር። ደም በገንዘብ እንዳይገዛ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለክፍያ የመጣ ሰው ሕመሙን ለመደበቅ ይገፋፋል።

ደም ተከማችቶ ብዙ አይቆይም። ቀይ ሕዋሱ ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ዕድሜው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ፕላዝማው ደግሞ በረዶ ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ይቀመጣል። በአንድ ትልቅ ዘመቻ ቀን የተሰለፈ ሕዝብ ደስ ያሰኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ ቀይ ሕዋስ ለሚፈልግ በሽተኛ ግን አይደርስም። አገራችን ውስጥ ከዋናዎቹ ለጋሾች መካከል ተማሪዎች ይገኛሉ፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በጾም ወራትም እንዲሁ፣ ደሙ ይሳሳል። ይህን ክፍተት መሙላት ያለብን እኛ ደመወዝተኞችና ነጋዴዎች ነን። የቀብር ወጪ አስቀድሞ የሚያጠራቅም ዕድር አባላቱን በየሦስት ወሩ ወደ ደም ባንክ ይዞ መሄድ አይከብደውም፤ ይህን የጀመረ ዕድር ባይ እጅግ ደስ ይለኛል።

ከደም ውጭም የመለገሻ መንገድ አለ። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መተካት ተጀምሯል፤ እዚያ ለጋሹ በሕይወት ያለ የታማሚው ዘመድ ነው። ሕይወት ባያተርፍም ብርሃን የሚመልስ ሌላ ስጦታ ደግሞ የዓይን ብሌን ነው። የሚወሰደው ከሞት በኋላ ነው፤ መልክን አያበላሽም፤ ቃሉ ግን በሕይወት እያሉ ይገባል። ቃል የገባ ሰው ይህን ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር አለበት፤ ብሌኑ የሚወሰደው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ በዚያ የለቅሶ ሰዓት ወደ ዓይን ባንክ የሚደውሉት እነሱ ናቸው።