ስለ ጓሮ ቅጠልና ስለ ቀላል ምግብ

ልጆች ሆይ፥ በአርባ ምንጭ ከተማ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ የጋሞን ተራሮች ታያላችሁ፤ ወደ ምሥራቅም ዘወር ብትሉ አባያና ጫሞ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። በሐይቆቹ መካከል ያለችውን ጠባብ ምድር ሰዎች የእግዜር ድልድይ ይሏታል። ተራራው ደጋ ነው፤ የሐይቁ ዳር ቆላ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ የሙዝንና የማንጎን አገር ይተውና የእንሰትንና የገብስን አገር ያገኛል፤ ጠዋት በቀጭን ሸሚዝ የነበረው ሰው ከሰዓት በኋላ ጋቢ ይፈልጋል። ደጋውና ቆላው እንዲህ ተቀራርበው ስለ ተቀመጡ፥ አንዱ ስፍራ ቅጠል ባጣ ጊዜ ሌላው ስፍራ አያጣም። ጎመንና ድንች ነጭ ሽንኩርትም ከላይ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ሙዝና ማንጎ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ልጅ አረንጓዴ ነገር ሳይበላ ያድጋል ቢሏችሁ ታምናላችሁን? ነገር ግን ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ተርቦ ወደ ቤቱ ገባ እንበል። «እማዬ፥ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። እናቱም «ሀለኮ ሠርቻለሁ፥ ና ብላ» አለችው። ልጁ ፊቱን አጨማደደና «ይህ የድኻ ምግብ ነው፤ የጎረቤታችን ልጆች መኮረኒ ይበላሉ» አለ። እናቱም ነገሩ ከልቧ ገባ፤ በማግሥቱ ለሌላ ነገር ካስቀመጠችው ገንዘብ ከፍላ መኮረኒ ገዛች፥ በዘይትና በጨው ብቻም ሠርታ አቀረበችለት። ልጁ ደስ አለው። በዚያው ቀን ከቤቱ ደጃፍ የቆመው ዛፍ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቆርጠው ሰው አጥቶ ዋለ። መኮረኒ ክፉ ነገር አይደለም፥ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ዓይንንና ደምን አይመግብም።

ሀለኮ የጋሞ ሰዎች ስም ነው፤ በአማርኛ ሽፈራው ይባላል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይሉታል። ዛፉ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ የተፈጥሮ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ጎረቤቶቻችን የኮንሶ ሰዎችም በእርሻቸው እርከን መካከል ይተክሉታል፤ ያ የእርከን አገር በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ተጽፏል። ሞሪንጋ ኦሌይፌራ የሚባለው የሕንድ ዘመዱ በብዙ ሞቃት አገሮች ተዘርቶ፥ ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ በታናሽ ዕቃ እየታሸገ በባሕር ማዶ በውድ ዋጋ ይሸጣል። የእኛንም ቅጠል በአዲስ አበባ ሱቆች የሽፈራው ሻይ ብለው ይሸጡታል። ያ ልጅ የድኻ ምግብ ብሎ የናቀውን ቅጠል ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል ማለት ነው።

በቅጠሉ ውስጥ ምን አለ? ሥጋን የሚገነባ ፕሮቲን፥ አጥንትን የሚያጠና ካልሲየም፥ ለደም የሚያስፈልግ ብረት አለበት። ደግሞም ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለበት፤ ይህም ነገር በጎመን፥ በዱባ፥ በካሮትና በበሰለ ማንጎም ይገኛል።

ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ አስቀድሞ የሚያየው ምልክት ዳፍንት ነው። ዳፍንት ያለበት ልጅ በቀን ደኅና ያያል፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ዓይኑ ይደነግዝበታል፤ ባልንጀሮቹ በደጅ ሲሮጡ እርሱ ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳል፥ በርጩማም ይሰናከላል። የቤት ሰዎችም ብዙ ጊዜ ቀልቡ የጠፋ ልጅ ነው ብለው ይቈጡታል እንጂ መታመሙን አያውቁም። ሕመሙ ካልታከመ ዓይኑ ይደርቃል፥ ይቈስላል፥ በመጨረሻም ፈጽሞ ይጠፋል። ሊከለከል ሲችል የልጆችን ዓይን በዓለም ሁሉ ከሚያጠፋው ምክንያት ዋናው ይህ ነው። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ሲመሽ የማያይ ታናሽ ወንድም ያለው ቢኖር ሳይውል ሳያድር ለወላጆቹ ይንገር፤ ወላጆቹም ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዓይኑ የታመመውን ሐኪም ያክመዋል፤ ቅጠሉ የሚጠቅመው ይልቁን ሳይታመም አስቀድሞ ለሚበላው ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ እንናገር፤ መልካም ቅጠል በክፉ አሠራር ይበላሻልና።

ብዙ ሰው ጎመንን አስቀድሞ ይከትፈዋል፥ ኋላ ያጥበዋል፥ ከዚያም በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ ውኃውን ከደጅ ይደፋዋል። ይህ ሰው ከምግቡ ብዙውን ለመሬት አጠጣ። በቅጠል ውስጥ ካሉት መልካም ነገሮች አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ቫይታሚን ሲ የሚባለው፥ በውኃ ይሟሟሉ፤ እሳትም ሲበዛባቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ቅጠሉን ሳይከተፍ እጠቡት፤ ታጥቦ ሲያበቃ ክተፉት። ውኃውን ጥቂት አድርጉ፤ ድስቱን ክደኑ፤ ቅጠሉ ሲለሰልስ ወዲያው አውጡ። በድስቱ የቀረውን ውኃ አትድፉት፥ ከወጡ ጋር ይበላ። ደግሞ ግማሽ ማንኪያ ቅቤ፥ በጾም ቀንም ዘይት፥ ይግባበት፤ ሰውነታችን ቫይታሚን ኤን ከቅጠል የሚያገኘው ጥቂት ቅባት ሲኖርበት ነውና።

በጋሞ ቆላ ከሚሠሩት ምግቦች ለልጆች የሚቀለው ከቅጠልና ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ነው። ሰዎች ፎሰሴ ይሉታል፤ ሊጡ ተድቦልቡሎ ሲገባበትም ኩርኩፋ የሚሉት አሉ፤ ስሙና አሠራሩ እንደ መንደሩ ይለያያል። እኔ የምነግራችሁ አንዱን አሠራር ነው። የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ውኃና ጨው ጠንከር አድርጎ ማቡካት፤ ሊጡንም በመዳፍ እያድቦለቦሉ ከአውራ ጣት ጫፍ ጥቂት የሚበልጡ ድብልብሎች መሥራት። ይህን ሥራ ታናናሾች ልጆች ይወዱታል፥ እጃቸውን ግን አስቀድመው ይታጠቡ። ውኃው በድስት ሲፈላ ድብልብሎቹን አንድ በአንድ መጨመር ነው፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከገቡ ተጣብቀው ገንፎ ይሆናሉ። ሊጡ ሊበስል ሲቃረብ፥ ከዘንጉ ተመልጦ የታጠበውን የሀለኮ ቅጠል በላዩ አድርጎ መክደን። የሀለኮ ቅጠል ከጎመን ይልቅ ጠንካራ ነውና ጥቂት ይታገሡታል። በመጨረሻ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ቅባቱ ይገባል፤ ለትልልቆቹ ሰዎች ዳጣ በጎን ይቀርባል። ቤቱ የተቀቀለ ቦሎቄ ካለው ደግሞ አንድ ጭልፋ ቢጨመርበት ምግቡ ሙሉ ይሆናል፤ በቆሎ የጎደለውን ቦሎቄ ይሞላለታልና። ከእሳትና ከድስት ሌላ የሚያስፈልገው ዕቃ የለም።

የሀለኮ ዛፍ ሁሉ ጣዕሙ አንድ አይደለም። አንዱ ዛፍ ቅጠሉ ይመራል፥ አንዱ ይጣፍጣል፤ የመንደሩ እናቶች የትኛው ዛፍ እንደሚሻል ያውቃሉ። ቅጠሉ መረረ ብለው የመጀመሪያውን ውኃ የሚደፉ ሰዎች አሉ። ይህን አልነቅፍም፥ የሚመርር ምግብ ልጅ አይበላምና፤ ነገር ግን የሚጣፍጠውን ዛፍ መርጦ ለጋ ቅጠሉን መቁረጥ ውኃ ከመድፋት ይሻላል።

በደጋው ዋናው ምግብ እንሰት ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፥ ለብዙ ጊዜም ይቀመጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የጨንቻና የዶርዜ ሰው ቆጮን ከጎመንና ከባቄላ ጋር ሲበላው ምግቡ ይሞላል። ጎመኑን በድንችና በነጭ ሽንኩርት መሥራት ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ድንቹ በጥቂት ውኃ ይቀቀላል፤ ሊበስል ሲል የተከተፈው ጎመን ይጨመራል፤ ጨውና ቅባት ገብቶበት ይወጣል። ይህን የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል፤ ወንድ ልጅም ቢሆን አያፍርበት።

ከምድር በታች ስለሚያፈሩት ሁለት ነገሮች ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጎደሬ በጥሬው ወይም በጥቂቱ በስሎ ቢበላ አፍንና ጉሮሮን ይከነክናል፤ በውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ፥ በዓይን የማይታዩ ታናናሽ ነገሮች አሉበትና። በደንብ ሲበስል መልካም ምግብ ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው ካሳቫ ነው፤ አንዳንዶች የእንጨት ቦዬ ይሉታል። ካሳቫ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ብዙ ቤት ከረኃብ ያወጣል፤ ነገር ግን፥ ይልቁንም መራራው ዓይነት፥ ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚወጣው ነገር በውስጡ አለ። ስለዚህ ይላጣል፥ ይቈራረጣል፥ በውኃ ይዘፈዘፋል፥ ይደርቃል፥ ከዚያም በደንብ ይበስላል። የተዘፈዘፈበትና የተቀቀለበት ውኃ ይደፋል። የጎመንን ውኃ አትድፉ ያልኋችሁ እኔ የካሳቫን ውኃ ድፉ እላችኋለሁ፤ ሁለቱን አታደበላልቁ። ከእርሻ ነቅሎ በጥሬው ማኘክማ የጨዋታ ነገር አይደለም፥ ሰው ሞቶበታል።

ምግቡ ከተበላ በኋላ ምን ይጠጣል? በአገራችን ቡና ይፈላል፤ ቡናም የቤት ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ፥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ነፍሰ ጡር እናትና ደም ያነሰው ሰው አንድ ሰዓት ያህል ቢታገሡ መልካም ነው። ሎሚ፥ ቲማቲም፥ ማንጎና ፓፓያ ግን ብረቱን ይረዱታል፤ ቅጠሉ ከእሳት ሲወጣ ሎሚ ቢጨመቅበት ጣዕሙም ይሻላል።

ሁሉም በየወራቱ ይመጣል። በቆላው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፥ ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል፤ ያን ጊዜ ጎመኑም፥ የዱባው ቅጠልም፥ ለጋው ቦሎቄም በርካሽ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በጥርና በየካቲት ምድሩ ይደርቃል፥ ጎመን ይጠወልጋል፥ ዋጋውም ይወጣል፤ ዐቢይ ጾምም የሚገባው በዚያ ሰሞን ስለ ሆነ ወተትና ቅቤ ከብዙ ቤት ይርቃል። በዚህ ጊዜ ሀለኮ አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቆያል። አያቶቻችን ከደጃፋቸው የተከሉት ለጥላው ብቻ አልነበረም።

ቅጠል ለመቁረጥ የምትላኩ ልጆች ሆይ፥ በዛፉ ላይ አትውጡ። የሀለኮ እንጨት ለስላሳና ተሰባሪ ነው፤ ወፍራም የሚመስለው ቅርንጫፍ በድንገት ይገነጠላል፥ ከላይ የወደቀም ልጅ ክንዱን ይሰብራል። ጫፉ የተቆለመመ ረጅም እንጨት ይዛችሁ ከታች ሆናችሁ ሳቡት። ጠቢብ ገበሬ ዛፉን በየጊዜው ከላይ ይቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ ከጎኑ አዲስ ያቈጠቍጣል፥ ቅጠሉም በእጅ ይደረሳል።

ከቤታችሁ ዛፉ ከሌለ ዝናብ ሊገባ ሲል ዘሩን ትከሉ። አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ አፈሩን አለስልሱ፥ ጥቂት ፍግ ጨምሩበት፥ መልሳችሁም ሙሉት፤ ዘሩን ግን በላዩ ከሁለት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት ቅበሩት። ውኃ የሚቋጥር ስፍራ አትምረጡ፥ ሥሩ ይበሰብሳልና። ዙሪያውንም በእሾህ እጠሩት፤ ፍየል የሀለኮን ጣዕም ከማናችንም አስቀድማ ታውቀዋለች።