ድልድይን በምሽት፣ በጥቁርና ነጭ

ከዳንግላ ባሕር ዳር ለመግባት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይበቃል። መንገደኛው ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ይሻገራል። ባሕር ዳርን አልፎ ወደ ጎንደር ካቀና ደግሞ ታላቁን አባይ ያገኛል። በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመርቆ የተከፈተው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲበራ ስልኩን ከኪሱ የማያወጣ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ቤት ገብተው ፎቶውን ሲያዩት ግን ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛል። መብራቱ ፈንጥቆ ሌላውን ሁሉ ውጦታል፣ ሰማዩ ቡናማ መስሏል፣ ድልድዩ የት ገባ ያሰኛል። ለዚህ ችግር አንድ የቆየ መላ አለ፤ ቀለሙን ማውጣት። ቀለም ሲወጣ ዓይን ወደ ቅርጽ ይሄዳል። የብረት ገመዱ መስመር፣ የምሰሶው ግዝፈት፣ የውኃው ጥቁረት፣ በውኃው ላይ የሚንቀጠቀጠው ብርሃን ጎልተው ይወጣሉ።

ከዳንግላው ቆንስል እስከ ፓሪስ

ለዳንግላ ሰው የአባይና የፎቶግራፍ ዝምድና አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ በቆንስልነት ሠርቷል። በእነዚያ ዓመታት በበቅሎና በእግር የአባይን ሸለቆና የጣና ዙሪያን አጥንቶ፣ ካርታ አንስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ጉዞውን በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነበር፤ የቀለም ፊልም እንደ ልብ አይገኝም።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ብራሳይ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሌሊት ሌሊት እየዞረ የከተማዋን ድልድዮችና ጎዳናዎች ያነሳ ነበር። የመብራቱ ዙሪያ እንዲለሰልስ ጭጋግና ዝናብ ይመርጣል። ካሜራው ለስንት ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ የሚለካውም በሚያጨሰው ሲጋራ ነበር ይባላል፤ ብርሃኑ ሲያንስ ወፍራሙን ሲጋራ ይለኩሳል። ከዚህ የምንወስደው ሲጋራውን ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው።

በአገራችንም ሚካኤል ጸጋዬ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምሮ ሲጨርስ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ወደ ካሜራ ዞረ። ዛሬ በጥቁርና ነጭ ሥራዎቹ ከአገር ውጭም ይታወቃል።

በስልክም ይቻላል

ውድ ካሜራ የግድ አይደለም። የሌሊት ፎቶ ዋና ጠላት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፈት ትንሿ እንቅስቃሴ ምስሉን ታደበዝዘዋለች። ስለዚህ ስልኩን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ካልተገኘም በድንጋይ ወይም በግንብ ላይ ያስደግፉ። በጣት ሲነኩት እንዳይነቃነቅ ቆጣሪውን በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ይሙሉት። ፍላሹን ያጥፉ፤ ብርሃኑ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፣ የሚያበራው አቧራውን ብቻ ነው።

ስልኩ ቅንብሩን በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 100 ዝቅ አድርገው ሹተሩን ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይሞክሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ወይም ባጃጅ ራሱ ጠፍቶ የመብራቱ መስመር ብቻ ይቀራል። የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይታይም፤ ልጅዎን ከድልድዩ ጋር ሊያነሱ ከፈለጉ ለአፍታ ሳይነቃነቅ እንዲቆም ይንገሩት። ድልድዩ ላይ ሆነው የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ ከባድ መኪና እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ ድልድይ ይንቀጠቀጣል።

ምርጡ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት፣ መብራቶች በርተው ሰማዩ ገና ብርሃን ያልጨረሰበት ጊዜ ነው። በጥቁርና ነጭ ያ ሰማይ ግራጫ ሆኖ የድልድዩን ጠርዝ ለይቶ ያሳያል። በክረምት ዝናቡ ባባራ ቅጽበት የራሰው አስፋልት እንደ መስታወት ያበራል፤ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ግን አይርሱ። ፎቶውን መጀመሪያ በቀለም አንስተው በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ ቢቀይሩት ይሻላል፤ ካልወደዱት የሚመለሱበት አለዎት።

ፈቃድና ጥንቃቄ

በአገራችን ድልድይ ጥበቃ የሚደረግለት ሀብት ነው። አንዳንዱን ማንሳት ክልክል ሆኖ ቆይቷል፤ ዘብ ከቆመ ካሜራ ከማውጣት በፊት ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ይገባል። “አይቻልም” ከተባለ ክርክር አያስፈልግም። የሰዓት እላፊ ገደብ ባለበት ጊዜ ደግሞ ከሰዓቱ በፊት ቤት መግባት የግድ ነው፤ ከፎቶ ሕይወት ይበልጣል። በባሕር ዳር አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይኖራል፣ ሲመሽም ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ለተሻለ ማዕዘን ብሎ በጨለማ ወደ ወንዙ ዳር መውረድ አደጋ ነው። ልጆችንም ከድልድዩ መከለያ ማራቅ የወላጅ ኃላፊነት ነው።

ፎቶ ድልድይ ሲያሠራ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያሰኛል። ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዛዝት በገመድ እየተጎተተ ነበር። የዚህ ትዕይንት ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ፎቶውን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ ሰባራውን ድልድይ ለማስጠገን መጣ። ጥገናው ብዙ ሳይቆይ በጎርፍ ቢወሰድም ኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለታል። ድርጅቱም በሌሎች አገሮች ብዙ ድልድይ ገንብቷል። የሁሉም መነሻ አንድ ፎቶ ነው።

በባሕር ዳር ሁሉም ካሜራውን ወደ አዲሱ ድልድይ ያዞራል። ከ60 ዓመት በላይ ሕዝብ ያሻገረውን አሮጌውን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን አባቶቻችንና እናቶቻችን በየትኛው ድልድይ ተሻግረው እንደተማሩ፣ እንደነገዱ፣ እንደተዳሩ የሚያሳይ አንድም ፎቶ በቤታችን የለንም። ፈቃዱ ከተገኘ አሮጌውንም ያንሱት። ፎቶውን ስልክ ውስጥ ብቻ አይተዉት፤ ያሳትሙት፣ ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም ይጻፉበት፣ አልበም ውስጥ ያኑሩት። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።